“ካልፈለገችስ?” ፦ ሴት በስፖርትና በሥዕል፣ ከፌሚኒዝም ክርክር አንፃር

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር የዲፓርትመንታችን የክርክር ክበብ ያዘጋጀውን መድረክ ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት አምናለሁ። ርዕሱ “ስፖርትና ኪነ ጥበብ ሴትን ዕቃ አድርገዋታል” የሚል ነበር። እጣ ሲወጣ ለእኔ የደረሰኝ ተቃዋሚው ወገን ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ነበር ያለኝ፤ ምክንያቱም የእኛ ወገን መከራከሪያ ቀላል ነው። “ሴቷ ነፃ ሰው ናት፤ ፈልጋ ለበሰች፣ ፈልጋ ተሣለች፤ እናንተ ማን ናችሁና ነው እንዲህ አትልበሺ የምትሏት?” ማለት ብቻ ይበቃል። አልነውም። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ዳኞቹም ነጥቡን ለእኛ ሰጡ።

ከዚያ የጥያቄ ሰዓት መጣ። ከኋላ ወንበር አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣችና “ከፈለገች ትለብሳለች አላችሁ፤ ጥሩ። ካልፈለገችስ?” አለች። እኔም ፈጠን ብዬ “ካልፈለገች መተው ነዋ!” አልኩ። ቤቱ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። “ሌላ ጥያቄ አለኝ” አለችና “ፖስተሩ ላይ ያለችው ስፖርተኛ ስሟ ማን ነው?” ስትል ጨመረች። ሰዓት አልቋል ተባለና ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች የዘገየ መልስ ነው። ክርክሩን አሸንፈን ወጣን እንጂ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ስህተት እንደነበር የገባኝ በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ነው። በመጀመሪያ “ዕቃ ማድረግ” ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጥሎ ፌሚኒስቶች በጉዳዩ ላይ እንዴት እንደተለያዩ፣ ከዚያም ከሥዕልና ከስፖርት ዓለም የተወሰዱ ምሳሌዎችን አቀርባለሁ። በመጨረሻም አንድ መመዘኛ ለመጠቆም እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሰውን ዕቃ ማድረግ ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝኛው ኦብጀክቲፊኬሽን የሚባለውን ቃል በአማርኛ “ሰውን እንደ ዕቃ መቁጠር” ብንለው ብዙ አንርቅም። ቃሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ምን ማለት ነው ተብለን ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን “ያው ገላን ማሳየት ነዋ” እንላለን። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሐሳቡ ሥር ወደ ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ይወስደናል። ካንት ሰውን ምንጊዜም እንደ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በራሱ እንደ ግብ ልናየው ይገባል ብሎ ያስተምራል። እዚህ ላይ “ብቻ” የምትለዋን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ታክሲ ስንሳፈር ሾፌሩን ካሰብነው ቦታ ለመድረስ እንጠቀምበታለን፤ ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ሾፌሩ የሚደክመው፣ የሚራበው፣ “ዛሬስ በቃኝ” ማለት የሚችል ሰው መሆኑን ረስተን የመኪናው አንድ ክፍል አድርገን ስንቆጥረው ነው።

አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ማርታ ነስባም በ1995 ባሳተመችው ጥናት ይህን ሐሳብ ዘርዘር አድርጋ ሰውን ዕቃ ማድረግ የሚገለጥባቸውን ሰባት መልኮች ለይታለች። እነሱም፦

ሀ) ሰውን ለራስ ዓላማ መጠቀሚያ መሣሪያ ማድረግ፤
ለ) በራሱ የመወሰን መብቱን መንሳት፤
ሐ) ራሱ አንዳች ነገር ማድረግ እንደማይችል በድን አድርጎ ማየት፤
መ) በማንም ሌላ ሊተካ የሚችል አድርጎ መቁጠር፤
ሠ) ሊጥሱት፣ ሊሰብሩት የሚፈቀድ አድርጎ ማየት፤
ረ) እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ንብረት መያዝ፤
ሰ) የራሱ ስሜትና ሐሳብ እንደሌለው መቁጠር ናቸው።

እንግሊዛዊት አውስትራሊያዊት የሆነችው ፈላስፋ ሬ ላንግተን ደግሞ በ2009 በወጣው መጽሐፏ ሦስት ጨምራለች፤ ሰውን ወደ ገላው ብቻ ማውረድ፣ ወደ መልኩ ብቻ ማውረድ፣ መናገር እንደማይችል አድርጎ ዝም ማሰኘት።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ “የልብስ ማነስ” የሚል የለም! አለባበስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን እሱ አይደለም። ነስባም ራሷም ከሰባቱ አንዱ በታየ ቁጥር ሁሉ ክፉ ተሠራ ማለት እንዳልሆነ ታስጠነቅቃለች። ዋናው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ነው። እኛ በክርክሩ ዕለት ግን ሁለታችንም ወገኖች አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የተጨቃጨቅነው ስለ ጨርቅ መጠን ነበር።

2. ፌሚኒዝም አንድ ድምፅ የለውም

በግቢያችን “ፌሚኒስቶች እንዲህ ይላሉ” የሚል አነጋገር የተለመደ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የተፋጩት ራሳቸው ፌሚኒስቶች ናቸው።

በ1972 ጆን በርገር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ዝግጅትና በዚያው ዓመት በወጣው መጽሐፉ የአውሮፓን የዘይት ቀለም ሥዕሎች መረመረ። የደረሰበት ድምዳሜ ባጭሩ ሲቀመጥ፣ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ወንዱ ተመልካች ነው፤ ሴቷ ደግሞ መታየቷን እያወቀች ራሷን በሌላ ሰው ዓይን የምትመለከት ናት የሚል ነው። በ1975 የፊልም ምሁሯ ሎራ መልቪ ተመሳሳዩን ጥያቄ ወደ ሲኒማ ወሰደችው። ካሜራው ራሱ የወንድ ዓይን ሆኖ እንደሚሠራና ሴቷን ታሪኩን የምታንቀሳቅስ ሳይሆን ታሪኩ ቆም ብሎ የሚያያት ትርኢት እንደሚያደርጋት ጻፈች። “የወንድ ዕይታ” የሚባለው አነጋገር የተስፋፋው ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ነው።

ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በ1983 ካትሪን ማኪነንና አንድሪያ ድዎርኪን በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ወሲብ ቀስቃሽ ሥራዎች የሴቶችን ሰብአዊ መብት ይጥሳሉ በሚል የተጎዱ ሴቶች ክስ እንዲመሠርቱ የሚያስችል ረቂቅ ደንብ አዘጋጁ። የከተማው ምክር ቤት ቢያጸድቀውም ከንቲባው ሻሩት። ደንቡን የተቃወሙት ወንዶች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። እንደ ኤለን ዊሊስ ያሉ ፌሚኒስቶች “ዛሬ ለእኛ ጥበቃ ተብሎ ለመንግሥት የሚሰጥ መቀስ ነገ የሚቆርጠው የእኛኑ አንደበት ነው” የሚል ይዘት ያለው ክርክር ይዘው ተነሡ። ሴት ገላዋን የምታይበት፣ የምትወድበትና የምትገልጽበት የራሷ መንገድ አላት፤ መከልከልም ሌላው የመቆጣጠሪያ ዘዴ ነው አሉ።

እንግዲህ አንዱ ወገን “ይከልከል”፣ ሌላው “ምርጫዋ ነው” ይላል። እኔ በመድረኩ ላይ የያዝኩት ሁለተኛውን፣ ያውም ግማሹን ብቻ ነበር። ለምን ግማሹን እንዳልኩ ከምሳሌዎቹ እንየው።

3. ከሥዕሉ ዓለም

የመጀመሪያው ምሳሌ ለንደን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ የተሰቀለው የስፔናዊው ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሥዕል ነው። “የሮክቢ ቬነስ” እየተባለ ይጠራል። ራቁቷን የሆነች ሴት ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታ ተጋድማለች፤ ፊቷ የሚታየው በመስታወት ውስጥ ነው፤ እሱም ደብዝዟል። ገላው ጥርት ብሎ ተሥሎ ፊቱ ብዥ ብሏል። ለሠዓሊው የተቀመጠችለት ሴት ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አይታወቅም።

መጋቢት 10 ቀን 1914 ሜሪ ሪቻርድሰን የምትባል ለሴቶች የመምረጥ መብት ትታገል የነበረች ሴት በልብሷ ውስጥ ደብቃ ባስገባችው የሥጋ መክተፊያ ሥዕሉን ደጋግማ ቀደደችው። የተናገረችው ምክንያት የትግሉን መሪ የኤመሊን ፓንክኸርስትን መታሰር ለመቃወም ነው የሚል ነበር። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1952 በሰጠችው ቃለ መጠይቅ ደግሞ ሌላ ምክንያት ጨመረች፤ ወንዶች ቀኑን ሙሉ ሥዕሉ ፊት ቆመው ሲያፈጡ ማየት አልወድም ነበር አለች። ስድስት ወር ተፈረደባት፤ ሥዕሉም ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ጀግንነት መሰለኝ። ደግሜ ሳስበው ግን፣ የተቀደደው የሴት ጀርባ ነው፤ የሚያፈጡት ወንዶች ዓይን ምንም አልሆነም። ደብዛዛዋን ፊትም የሚያጠራት አልተገኘም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያስገርማል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የኪነ ጥበብ አካዳሚ በ1768 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ ሴት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዮሐን ዞፋኒ የአካዳሚውን አባላት በአንድ ሥዕል ሰበሰባቸው። ሥዕሉ ወንዶቹ አባላት በራቁት ወንድ ሞዴል ዙሪያ ቆመው ሲወያዩ ያሳያል። ሴቶች እንዲህ ያለ ክፍል መግባት አይፈቀድላቸውምና ሁለቱን መሥራቾች ምን አደረጋቸው መሰላችሁ? በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሁለት የቁም ሥዕሎች አድርጎ ሣላቸው! ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ሥዕል ሆነው ቀሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ማንም ገላቸውን አላየም፤ ግን ሰው የነበሩት ዕቃ ሆነዋል። ከእነሱ በኋላ አካዳሚው አንዲት ሴት ሙሉ አባል አድርጎ የመረጠው በ1936 ነው።

ያቺ በ1936 የተመረጠች ሠዓሊ ሎራ ናይት ትባላለች፤ ሦስተኛው ምሳሌያችንም የእሷ ነው። ናይት ተማሪ ሳለች ሴት በመሆኗ ሕያው ራቁት ሞዴል ፊት ተቀምጣ መሣል አልተፈቀደላትም ነበር። የገላ ሥዕል በዚያን ጊዜ የትልልቅ ሥራዎች ሁሉ መሠረት ስለነበር ይህ ክልከላ ማለት፣ የኪነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ሊንዳ ኖክሊን በ1971 በጻፈችው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳስረዳችው፣ በሩን ዘግቶ “ለምን አልገባችሁም?” እንደማለት ነው። በ1913 ናይት መልሷን በቀለም ሰጠች። ሥዕሉ ራሷን ናይትን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ራቁቷን የቆመች ሞዴል ስትሥል ያሳያል። ሞዴሏ ኤላ ኔፐር ትባላለች፤ የናይት ወዳጅና ራሷም የጥበብ ባለሙያ ነበረች። ንጉሣዊው አካዳሚ ሥዕሉን ለዐውደ ርእይ አልቀበልም አለ። ዛሬ ግን ለንደን ውስጥ በናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ተሰቅሎ ይገኛል።

ቬነስም ኔፐርም ራቁታቸውን ናቸው፤ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የአንዷን ስም እናውቃለን፣ የሌላዋን አናውቅም። አንዷ ለወዳጇና ለሙያ ባልደረባዋ ቆማለች፤ ሌላዋ በምን ሁኔታ እንደቆመች የነገረን የለም። ገላው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ ይለያያል።

4. ከስፖርቱ ዓለም

እኛ ሀገር ሴት ስፖርተኛ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሯጭ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ በማራቶን ያገኙትን ወርቅ ስናስታውስ የምናስታውሰው ጉልበታቸውን፣ ትንፋሻቸውንና ያን የመጨረሻ ዙር ነው። ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎቻችን “ስፖርት ሴትን ዕቃ ያደርጋል” ሲባል ግር የሚለን። ነገር ግን ሩጫውም ቢሆን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1928 የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ “ወደቁ፣ ተዝለፈለፉ” የሚል የተጋነነ ወሬ ተነዛና ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ለሴቶች ተከለከለ። የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ የገባው በ1984 ነው።

ስፖርት ሴትን መጀመሪያ “አትችይም” አላት፤ ስትችል ደግሞ በአንዳንድ ሜዳዎች “እንግዲያው እንዲህ ሆነሽ ታዪ” አላት። በ2004 የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴፕ ብላተር የሴቶች እግር ኳስ ተመልካች እንዲያገኝ ተጫዋቾቹ ጠበብ ያለ ቁምጣ ቢለብሱ ይሻላል የሚል አስተያየት ሰንዝረው ብዙ ተወቅሰዋል። ምሳሌ አድርገው የጠቀሱትም መረብ ኳስን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ “ካልፈለገችስ?” እንምጣ።

ሐምሌ 2021 በቡልጋሪያዋ ቫርና ከተማ የአውሮፓ የባሕር ዳርቻ የእጅ ኳስ ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። በጊዜው የነበረው ዓለም አቀፍ ደንብ ሴቶች ከታች ቢኪኒ እንዲለብሱ፣ የቢኪኒውም የጎን ስፋት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያዝዛል። ወንዶቹ ግን ቁምጣ ይለብሳሉ። የኖርዌይ ሴቶች ቡድን ለነሐስ ሜዳልያ ከስፔን ጋር ሲጫወት ቁምጣ ለብሶ ገባ። የአውሮፓ የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን “ተገቢ ያልሆነ አለባበስ” ብሎ ቡድኑን 1,500 ዩሮ ቀጣ፤ በአንድ ተጫዋች 150 ዩሮ መሆኑ ነው።

እኔ በአዳራሹ “ካልፈለገች መተው ነዋ” ብዬ ነበር። ይኸው ተዉት፤ ተቀጡ! ያውም የተቀጡት አነስተኛ ልብስ በመልበሳቸው ሳይሆን ልብስ በመጨመራቸው ነው። ለመሆኑ ሦስትና አራት ሳንቲ ሜትር ጨርቅ የኳሱን አወራወር ምን ያደርገዋል? ምንም። ደንቡ ለጨዋታው ሳይሆን ለተመልካቹ የተጻፈ ነበር ማለት ነው። ወሬው በዓለም ሲናኝ አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ፒንክ ቅጣቱን እኔ ልክፈል አለች፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም ደንቡን ቀይሮ ከጥር 2022 ጀምሮ ሴቶች አጭርና ጠበብ ያለ ቁምጣ እንዲለብሱ ፈቀደ። “ጠበብ ያለ” የሚለው ቃል ግን በሴቶቹ ደንብ ውስጥ ቀርቷል። ለወንዶቹ የተባለው በጣም ሰፊ እንዳይሆን ብቻ ነው።

የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ የወሰደው መንገድ ይለያል። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈችበት በዚያው በ1996 አትላንታ ነው ይህ ስፖርት ኦሎምፒክ የገባው። በ2012 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንቡን አላልቶ ቁምጣና እጅጌ ያለው ካናቴራ ፈቀደ። ከዚያ በኋላም ብዙ ተጫዋቾች ቢኪኒውን መርጠው ቀጠሉ፤ አሸዋው እንዳይጠራቀምባቸውና ሙቀቱን ለመቋቋም እንደሚመቻቸው ይናገራሉ። በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ ግብፃዊቷ ዱዓ ኤልጎባሺ ፀጉሯን ሸፍና፣ እጅና እግሯን የሚሸፍን ልብስ ለብሳ ቢኪኒ ከለበሱ ጀርመናውያን ጋር ተጫወተች። ከመረቡ በላይ ሁለት እጆች ኳሷን ሲሻሙ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ብዙዎች “ሁለት የማይገናኙ ዓለማት” ብለው ተረጎሙት። እኔ ግን ሳየው የታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሁለቱም የሚያዩት ኳሷን ነው።

በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የጀርመን ጂምናስቲክ ቡድን አራት ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ለብሰው ቀረቡ። ይህን ደንቡ ድሮም አይከለክልም ነበር። ሆኖም ከሃይማኖት ምክንያት ውጭ የሚለብሰው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ “ይቻላል” መባሉ ብቻውን አይበቃም። ልማድ የራሱ ቅጣት አለው፤ ደረሰኝ ስለማይቆርጥ ብቻ አይታየንም።

ተቃራኒውንም እንመልከት። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ኤልጎባሺ ለግብፅ ሂጃቧን ለብሳ ስትጫወት፣ የአዘጋጇ የፈረንሳይ ሴት ስፖርተኞች ግን በሂጃብ መወዳደር አልተፈቀደላቸውም ነበር። አንዱ “ግለጪ” ሌላው “አውልቂ” ይላል። በቫርና ቢኪኒ ያዘዘውና በፓሪስ ሂጃብ የከለከለው ዓላማቸው የተለያየ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ በሴቷ ገላ ላይ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ አይደለችም።

አንድ ልጨምር። በታኅሣሥ 2018 ኖርዌያዊቷ አዳ ሄገርበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት የተሰጠውን ባሎን ዶር ተቀበለች። መድረኩ ላይ የነበረው ዲጄ ወገብና ዳሌ የሚወዘወዝበትን “ትወርክ” የሚባል ጭፈራ ትችይ እንደሆነ ጠየቃት። “አይ” ብላ ፊቷን መለሰች። እሱ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፤ እሷም እንደ ወሲባዊ ትንኮሳ እንዳልቆጠረችው ተናግራለች። ይህን ማክበር አለብን። ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው፤ የዓለም ምርጥ የሆነችን ተጫዋች በድሏ ሰዓት ስለ ጎሎቿ ሳይሆን ስለ ዳሌዋ መጠየቅ በላንግተን ዝርዝር ውስጥ የት ይገባል?

5. ሦስት መመዘኛ ጥያቄዎች

ከላይ ያየናቸውን ስናጠቃልል፣ ራቁቷን የቆመችው ኔፐር ዕቃ አልሆነችም፤ ሙሉ ልብስ የለበሱት ካውፍማንና ሞዘር ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ስለዚህ ሜትር ይዘን ጨርቅ መለካቱን ትተን ሦስት ነገር ብንጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

አንደኛ፣ ማን ወሰነ?
ሁለተኛ፣ እምቢ ብትል ምን ታጣለች?
ሦስተኛ፣ ሥራዋና ስሟ የት ገባ?

ከሦስቱ ሁለተኛው ዋናው ነው። “ፈልጋ ነው” የሚለው ክርክር እውነት የሚሆነው “አልፈልግም” ማለትም የሚቻል ሲሆን ብቻ ነው። እምቢታ ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ እሺታው ምን ያህሉ ፈቃድ፣ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደሆነ በምን እናውቃለን? በመድረኩ ላይ ግማሹን ብቻ ነው የያዝኩት ያልኩት ለዚህ ነው፤ ስለ እሺታ መብት ስንጮህ ስለ እምቢታ መብት ረስተን ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱን ላንሣ። “ወንዶችስ? የግሪክ ሐውልቶች ራቁታቸውን አይደሉም ወይ? ቦክሰኞችስ ደረታቸው ክፍት አይደለም ወይ?” የሚል አለ። ትክክል ነው፣ ወንድም ዕቃ ሊደረግ ይችላል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ለእሱም ይሠራሉ። ነገር ግን በቫርና ወንዶቹ ቁምጣ ለብሰው ያንኑ ኳስ፣ በዚያው አሸዋ ላይ ሲጫወቱ የቀጣቸው አልነበረም።

ሌላው “ስፖርት በስፖንሰር ነው የሚኖረው፤ መልክ ያመጣውን ገንዘብ ራሷ ትጠቀምበት የለም ወይ?” ይላል። ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው። አንዲት ስፖርተኛ መልኳን አስባበት ለገቢዋ ብትጠቀምበት እኔ የምወቅስበት ምክንያት አይታየኝም። ግን ሁለተኛውን ጥያቄ እዚህም እናቅርብ። ያን ፎቶ አልነሣም ብትል፣ በውጤቷ ብቻ ስፖንሰር ታገኛለች ወይ? ካገኘች ምርጫ ነው። ካላገኘች ግን ገበያው በፌዴሬሽኑ ቦታ ገብቶ ደንቡን ጽፏል ማለት ነው። የአበው ተረት ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው እንዲህ ላለው ነው፤ ፌዴሬሽኑ የጻፈውን ደንብ አይተን መቃወም እንችላለን፤ ገበያው ግን የጻፈውን የሚያሳየን የለም።

6. ወደ ፖስተሩ ስንመለስ

አሁን ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀርታለች። “ፖስተሩ ላይ ያለችው ስፖርተኛ ስሟ ማን ነው?”

ፖስተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ክርክሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ከኢንተርኔት አንድ የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ተጫዋች ፎቶ አወረድኩ። ኳሷን ልትመታ ዘላ አየር ላይ ናት። ርዕሱ ረጅም ስለነበር አልገባ አለኝ፤ ስለዚህ ከላይ ቆረጥኩት። የተቆረጠው ፊቷ፣ እጇና ኳሷ ነው። ቀሪው ፖስተሩ ላይ ወጣ። “ሴት ዕቃ ሆናለች ወይስ አልሆነችም?” ብለን ለመከራከር ግቢውን ሁሉ በዚያ ፖስተር ሞላነው። ክበባችን ውስጥ ሴቶችም ወንዶችም ነበሩ፤ አንዳችንም አላስተዋልንም። ቬላስኬዝ ቢያንስ ፊቷን በመስታወት ውስጥ አደብዝዞ ትቶልናል፤ እኔ እሱንም አላስቀረሁም።

በሦስቱ ጥያቄዎች ራሴን ብመዝን፣ የወሰንኩት እኔ፤ እምቢ የምትልበት ዕድል አልነበራትም፤ ሥራዋንም ስሟንም በመቁረጫ አስወገድኩ። ማንም በፌዴሬሽን ደንብ አላዘዘኝም፣ ማንም ስፖንሰር አልከፈለኝም። ክፋትም አልነበረኝም። እንዲሁ በልማድ ነው ያደረግሁት። ለዚህ ነው “ዕቃ ማድረግ” የክፉ ሰዎች ሥራ ብቻ አይደለም የምለው።

ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ያወረድኩበትን ቦታ ብዙ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁትም። ስለዚህ ለዚያች እህታችን የምሰጣት መልስ ይህ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ ካልፈለገች አንዳንድ ጊዜ ትቀጣለች፤ ሥራችን ቅጣቱን ማስቀረት ነው። ለሁለተኛው፣ ስሟን አላውቀውም፤ ማወቅ ነበረብኝ።

ማጠቃለያ

ሥዕል መቅደድም ሆነ “ምርጫዋ ነው” ብሎ እጅን መታጠብ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው የሴቷ እሺታም እምቢታም እኩል ክብር ያለው እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ከኦሎምፒክ መድረክ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ በክበባችን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳችን፣ በስልካችን ላይ የሚጀመር ነው። ለክርክር ክበባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ከአሁን በኋላ የሰው ምስል በፖስተር ላይ ስናወጣ ፊቱን አንቁረጥ፣ ስሙን ከሥሩ እንጻፍ፤ ስሙን ካላወቅን ደግሞ ምስሉን አናውጣ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከነስባም ሰባት መልኮች ውስጥ በቫርናው ቅጣት ላይ የሚታዩት የትኞቹ ናቸው?
2. የቬላስኬዝ ሥዕል ከግድግዳው ይውረድ ትላላችሁ? ካልሆነ፣ ከሥሩ ምን ተጽፎ ቢሰቀል ተመልካቹን ይረዳዋል?
3. ልማድ የሚቀጣውን ቅጣት በምን እንለየዋለን? ከግቢያችን አንድ ምሳሌ ስጡ።
4. አንዲት ስፖርተኛ ራሷ “አልተሰደብኩም” ካለች ሌላው ሰው “ተሰድበሻል” ማለት ይችላል ወይ?

መልካም ውይይት!